ዘመኑን የጠበቀ የድሮ ጌም ኮምፒውተር፦ ዕቃ ሲመረጥ ምን ይታያል?

የድሮ ጌም ለመጫወት የድሮ ኮምፒውተር የግድ አያስፈልግም። የዶስን (ከዊንዶውስ በፊት የነበረውን ሥርዓት) ዘመን አስመስለው የሚያጫውቱ ነፃ ፕሮግራሞች አሉ። አብዛኛውን ጌም ያለ ችግር ያስነሳሉ፤ ለብዙ ሰውም ይህ ይበቃል። አንዳንዶቻችን ግን ጌሙን ሠሪዎቹ ባሰቡት ማሽን ላይ ማየት እንፈልጋለን። ሙዚቃው ከዚያው ቺፕ እንዲወጣ፣ ሥዕሉ በዚያው ካርድ እንዲሳል፣ ጨዋታው በዚያው ፍጥነት እንዲሄድ እንፈልጋለን። ዘመኑን የጠበቀ ኮምፒውተር የሚገጣጠመው ለዚህ ነው። ሁሉም ዕቃ ከአንድ ዘመን ይሆናል። በተመረጠው ዓመት አንድ ሰው ሱቅ ገብቶ ሊገዛው ይችል የነበረ ማሽን ማለት ነው።

ጀማሪዎች ብዙ ጊዜ የሚሄዱበት መንገድ ይታወቃል። ከድሮ ዕቃ ሁሉ ኃይለኛውን ይለቅማሉ። ትልቁን ፕሮሰሰር፣ ትልቁን ግራፊክስ ካርድ፣ ማዘርቦርዱ የሚችለውን ራም ሁሉ። ሲጨርሱ እጃቸው ላይ ያለው በየትኛውም ዓመት ያልነበረ ኮምፒውተር ነው። ከዚያ የሚወዱት የ1990 ጌም አይነሳም (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ወይም ይነሳና በዓይን በማይያዝ ፍጥነት ይበራል። በዚህ ሥራ ውስጥ ለሁሉም የሚሆን ምርጥ ዕቃ የለም። ያለው ለአንድ ዓመትና ለአንድ የጌም ዝርዝር የሚስማማ ዕቃ ነው።

ከጌሙ ተነሱ

ወረቀት አውጡና የምትጫወቷቸውን ጌሞች ጻፉ። አንድ ቀን እሞክረዋለሁ የምትሉትን ተዉት፤ ቁጭ ብላችሁ እስከ መጨረሻው የምትጫወቱትን ብቻ ጻፉ። ከጎናቸው የወጡበትን ዓመት አስፍሩ። ዝርዝሩ ወዲያው በራሱ ይከፋፈላል። እስከ 1993 ድረስ የወጡት የዶስ ጌሞች አንድ ቡድን ናቸው። ከ1994 እስከ 1997 ያሉት የኋለኞቹ የዶስ ጌሞችና የመጀመሪያዎቹ የዊንዶውስ 95 ጌሞች ሌላ ናቸው። ከ1998 እስከ 2000 ያሉት ዊንዶውስ 98 ላይ የሚሠሩ የስሪዲ ጌሞች ሦስተኛው ናቸው። ከ2001 በኋላ ደግሞ የዊንዶውስ ኤክስፒ ዘመን ይመጣል።

ሁሉንም ቡድን በእኩል የሚያጫውት አንድ ማሽን የለም። ምክንያቱ ፍጥነት ነው። የመጀመሪያው የአይቢኤም ፒሲ በ1981 ሲወጣ ፕሮሰሰሩ 8088 ነበር፤ ፍጥነቱም 4.77 ሜጋኸርዝ። በዚያ ዘመን የተጻፉ ብዙ ጌሞች ሰዓት አያዩም። ፕሮሰሰሩ በቻለው መጠን ይሮጣሉ። ፕሮሰሰሩ አሥር እጥፍ ሲፈጥን ጠላቶቹም አሥር እጥፍ ይፈጥናሉ። በድሮ ኬዞች ላይ ቱርቦ የሚል ቁልፍ የነበረው ለዚህ ነው። ሥራው ኮምፒውተሩን አዘግይቶ የድሮ ጌሞችን ማስተናገድ ነበር። በ1990 የወጣው ዊንግ ኮማንደር ፈጣን ማሽን ላይ ሲከፈት ገና መሪውን ሳታዞሩ ውጊያው ያልቃል።

ሌላም አለ። በቦርላንድ ቱርቦ ፓስካል የተጻፉ ብዙ ፕሮግራሞች 200 ሜጋኸርዝ አካባቢና ከዚያ በላይ ባለ ፕሮሰሰር ላይ ሲከፈቱ "ረንታይም ኤረር 200" ብለው ይዘጋሉ። ነገሩ እንዲህ ነው። ፕሮግራሙ ሲነሳ በ55 ሚሊሰከንድ ውስጥ ፕሮሰሰሩ ስንት ዙር እንደሚዞር ይቆጥራል፤ ቁጥሩንም ለ55 ያካፍላል። ውጤቱ ከተመደበለት ቦታ ሲበልጥ ፕሮሰሰሩ የማካፈል ስህተት ያስነሳል። ፕሮግራሙም ለዜሮ የተካፈለ መስሎት ይቆማል። ማሽኑ አልተበላሸም። ፈጥኖ ብቻ ነው።

ወደ ሌላው አቅጣጫም ተመልከቱ። በ1993 መጨረሻ የወጣው ዱም 386 በሚባለው ፕሮሰሰር ላይ መስኮቱን ካላሳነሱት ይንቀረፈፋል፤ 66 ሜጋኸርዝ ባለው 486 ዲኤክስ2 ላይ ግን ጥሩ አድርጎ ይሄዳል። በ1996 የወጣው ኩዌክ ደግሞ አስርዮሽ ቁጥሮችን በሚያሰላው የፕሮሰሰር ክፍል፣ ኤፍፒዩ በሚባለው፣ ላይ በጣም ይደገፋል። በዚህ ረገድ ከ486 ቀጥሎ የመጣው ፔንቲየም እጅግ ይበልጠዋል። በዚያው ዘመን የነበረው ሲሪክስ 6x86 ለቢሮ ሥራ ፈጣን ነበር፤ ኩዌክ ላይ ግን ኤፍፒዩው ደካማ ስለነበር ከፔንቲየም ኋላ ቀረ። እንግዲህ ዓመቱ አንድ ሆኖ እንኳ ጌሙ የፕሮሰሰሩን ዓይነት ይመርጣል።

እኔ የምከተለው ደንብ ይህ ነው። በዝርዝራችሁ ውስጥ የመጨረሻውን ጌም ዓመት ውሰዱና አንድ ዓመት ጨምሩ። ጌሞች በወጡበት ሰሞን አብዛኛው ሰው ቤት ያለው ማሽን አይችላቸውም ነበር። የምናስታውሰው ቆንጆ ጨዋታ ብዙ ጊዜ ከዓመት በኋላ በተገዛ ኮምፒውተር የተጫወትነው ነው። ስለዚህ የ1998 ጌም ለመጫወት የ1999 ማሽን መገጣጠም ዘመኑን መልቀቅ አይደለም። እንዲያውም ሰው በእርግጥ የኖረውን ነገር መከተል ነው።

ማዘርቦርዱ ይቅደም

ከሁሉ በፊት የሚመረጠው ማዘርቦርድ ነው። የቀረው ዕቃ ሁሉ የሚሰካው እሱ ላይ ነው። የትኛው ፕሮሰሰር፣ የትኛው ራም፣ የትኛው ካርድ ሊገባ እንደሚችል እሱ ይወስናል። ከብራንዱ ስም በላይ ቺፕሴቱን፣ ማለትም ዕቃዎቹን የሚያገናኙትን የቦርዱን ዋና ቺፖች፣ ተመልከቱ።

አንድ ማሽን ብቻ ለሚሠራ ጀማሪ ሳላመነታ የምመክረው የኢንቴል 440ቢኤክስ ቺፕሴት ያለው ቦርድ ነው። በ1998 የወጣ ነው። ካርድ የሚሰካባቸው አይኤስኤ፣ ፒሲአይ እና ኤጂፒ ስሎቶች በአንድ ላይ አሉት። ይህ ትልቅ ነገር ነው። አይኤስኤ ለድሮው የዶስ ሳውንድ ካርድ ያስፈልጋል፣ ኤጂፒ ለስሪዲ ካርድ ያስፈልጋል። ሁለቱ አብረው የኖሩት ለጥቂት ዓመታት ብቻ ነው። ዩኤስቢም አለው። ፔንቲየም 2 ይቀበላል፤ ብዙዎቹ ፔንቲየም 3ም ይቀበላሉ። ዶስም ዊንዶውስ 98ም ያለ ጭቅጭቅ ይሄዱበታል። መረጋጋቱን ሰው ዛሬም ያነሳዋል።

ፕሮሰሰሩ 350 ወይም 400 ሜጋኸርዝ ያለው ፔንቲየም 2 ቢሆን ለ1998 ልክ ነው። በዚያው ዓመት የወጣውን ሴለሮን 300ኤ የሚወዱ ደግሞ ብዙ ናቸው፤ እኔም ከነሱ አንዱ ነኝ። 128 ኪሎባይት ካሽ (ለፕሮሰሰሩ ቅርብ የሆነ ፈጣን ሚሞሪ) በራሱ ቺፕ ላይ ነበረው። የባሱን (ፕሮሰሰሩ ከቦርዱ ጋር የሚነጋገርበትን መስመር) ፍጥነት ከ66 ወደ 100 ሜጋኸርዝ ሲያሳድጉት አብዛኛው ያለ ችግር 450 ሜጋኸርዝ ይሄድ ነበር። ኪሱ የሳሳ ወጣት ሁሉ ያደርገው የነበረ ነገር ስለሆነ ዘመኑን ከመጠበቅም አልፎ የዘመኑ መለያ ነው። ፔንቲየም 3 ማስገባት የሚፈልግ ሰው ግን ቦርዱ ለፕሮሰሰሩ የሚሆነውን ዝቅተኛ ቮልቴጅ መስጠት መቻሉንና ባዮሱ (ማሽኑ ሲበራ መጀመሪያ የሚነሳው የቦርዱ ፕሮግራም) ፕሮሰሰሩን ማወቁን አስቀድሞ ያረጋግጥ።

ራም ላይ ሰው ይስገበገባል። አያስፈልግም። ለ1998 ማሽን 128 ሜጋባይት ሰፊ ነው፣ 256 ደግሞ የተትረፈረፈ። ዊንዶውስ 98 ራሱ ከ512 ሜጋባይት በላይ ሲሆን መታመም ይጀምራል። የዲስክ ካሹ የአድራሻ ቦታውን ይሻማና "ሚሞሪ አልበቃኝም" ብሎ ቁጭ ይላል። ሚሞሪው ስለበዛ ሚሞሪ አነሰኝ ይላል ማለት ነው። 440ቢኤክስ ላይ ሌላም ጥንቃቄ አለ። 256 ሜጋባይት የሆነ ሞጁል ስትገዙ ቺፖቹን ቁጠሩ። 16 ቺፕ ካለው ይሠራል። 8 ቺፕ ብቻ ካለው ግን ቦርዱ ግማሹን ብቻ ነው የሚያየው፣ የቺፖቹን ጥግግት አያውቀውምና።

እስከ 1997 ላለው ቡድን ሶኬት 7 የሚባል የፕሮሰሰር መሰኪያ ያለው ቦርድና ፔንቲየም ኤምኤምኤክስ ጥሩ ምርጫ ነው። የዚህ ፕሮሰሰር ትልቁ ጥቅም መዘግየት መቻሉ ነው። በትንንሽ የዶስ ፕሮግራሞች ካሹን ስታጠፉበት ወደ 386 ደረጃ ይወርዳል። ስለዚህ የ1990ንም የ1997ንም ጌም አንድ ማሽን ላይ መጫወት ይቻላል። ሁለት ነገር ግን ልብ በሉ። ኤምኤምኤክሱ ለውስጡ 2.8 ቮልት ነው የሚፈልገው። ብዙ የቀደሙ ቦርዶች ግን 3.3 ቮልት ወይም ከዚያ በላይ ነው የሚሰጡት። በዚያ ላይ ከሰካችሁት ሊጋይ ይችላል። ሁለተኛው የራም ጉዳይ ነው። ብዙ ቦርዶች ላይ የሚገኘው 430ቲኤክስ ቺፕሴት በካሽ የሚሸፍነው የመጀመሪያውን 64 ሜጋባይት ብቻ ነው። ዊንዶውስ ሚሞሪን ከላይ ጀምሮ ስለሚጠቀም 128 ስታደርጉት ማሽኑ እንዲያውም ይዘገያል። 64 ላይ ቁሙ።

486 ለመሥራት የቆረጠ ሰው ክብር ይገባዋል። ደስታውም ጣጣውም እዚያ ነው ያለው። መጀመሪያ የሚታየው ባትሪው ነው። በብዙ የ386ና የ486 ቦርዶች ላይ በርሜል የመሰለች ትንሽ ቻርጅ የምትደረግ ባትሪ ተበይዳለች። ከዓመታት በኋላ ፈሳሿ ይወጣና የቦርዱን መስመሮች ይበላል። ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ ዝገት ካያችሁ በዙሪያዋ ያሉት የኪቦርድ ቺፕና መስመሮች ተጎድተው ሊሆን ይችላል። ዝገቱ ገና ያልጀመረ ከሆነ ደግሞ ቦርዱን ቤት ባስገባችሁበት ቀን ባትሪዋን ንቀሏት። ሁለተኛው የካሽ ጉዳይ ነው። በ1990ዎቹ አጋማሽ የወጡ አንዳንድ ርካሽ ቦርዶች ላይ የተደረደሩት የካሽ ቺፖች ውስጣቸው ባዶ የሆነ ፕላስቲክ ነው። ባዮሱ ራሱ ካሽ አለ ብሎ እንዲዋሽ ተደርጓል። የካሽ ፍጥነት የሚለካ ፕሮግራም ሳታስኬዱ አትመኑ።

ሥዕሉ

እስከ 1995 ድረስ ላሉ ጌሞች የግራፊክስ ካርድ ምርጫ ቀላል ነው። የዶስ ጌሞች ቪጂኤ የሚባለውን የሥዕል ደረጃ በትክክል የሚደግፍ ካርድ ካገኙ ሌላ ብዙ አይጠይቁም። ለ486 ቪኤልቢ (የ486 ዘመን ፈጣን ስሎት) ወይም ፒሲአይ የሆነ ካርድ ፈልጉ፤ አይኤስኤ ካርድ ዱም ላይ ያዘገያችኋል።

ነገሩ የሚወሳሰበው በ1996 ነው። በዚያ ዓመት ስሪዲኤፍኤክስ የተባለው ኩባንያ ቩዱ ግራፊክስን አወጣ። 4 ሜጋባይት ሚሞሪ ነበረው፤ በ640 በ480 ይሠራል። የሚሠራውም ስሪዲ ብቻ ነው። የዊንዶውስን የተለመደ ገጽ የሚያሳይ ሌላ ካርድ ከጎኑ ያስፈልጋል። ከዚያ ካርድ የወጣ አጭር ኬብል ወደ ቩዱ ይገባል፣ ከቩዱ ደግሞ ወደ ሞኒተር ይሄዳል። ኬብሉ ወይም የመጀመሪያው ካርድ ደካማ ከሆነ የዊንዶውሱ ገጽ ይደበዝዛል። ብዙ ሰው ቩዱውን ይወቅሳል፤ ጥፋተኛው ግን ከፊቱ ያለው ነው።

ቩዱ የሚፈለግበት ዋና ምክንያት ግላይድ ነው። ግላይድ ጌሞች ከካርዱ ጋር የሚነጋገሩበት የስሪዲኤፍኤክስ የራሱ መንገድ ነበር። በ1997ና በ1998 የወጡ ብዙ ጌሞች በግላይድ ሲሆኑ በጣም ያምራሉ። አንዳንዶቹ ሌላ አማራጭም የላቸውም። በ1998 የወጣው አንሪል ሲወጣ በዋናነት የሚደግፈው የስሪዲ መንገድ ግላይድ ነበር፤ በቩዱ ያየው ሰው ልዩነቱን አይረሳም። ስለዚህ ዝርዝራችሁ ውስጥ የግላይድ ጌም ካለ ሌላ ኃይለኛ ካርድ አይተካውም።

ግን የትኛው ቩዱ? የዶስ ግላይድ ጌሞች ከፈለጋችሁ የመጀመሪያው ይሻላል። አንዳንዶቹ ከሱ በኋላ የመጡትን ካርዶች አያውቁም። ለ1998 ማሽን ቩዱ 2 ነው። 8 ወይም 12 ሜጋባይት ያለው አለ። አንዱ ብቻውን እስከ 800 በ600 ያሳያል፤ ሁለቱን ሲያጣምሩ 1024 በ768 ይደርሳል። ሁለት ቩዱ 2 ማጣመር በዘመኑ የጥቂቶች ቅንጦት ነበር። አሁንም ሰብሳቢዎች ስለሚሻሙባቸው ዋጋቸው አይቀመስም። የኔ ምክር ቩዱ 3 ነው። በ1999 ወጣ፣ የዊንዶውሱን ገጽም ስሪዲውንም በአንድ ካርድ ይሠራል፣ ሥዕሉ ጥርት ያለ ነው፣ በግላይድም የዊንዶውስ በሆነው በዳይሬክት ስሪዲም ይሄዳል። ሥዕሉን በ16 ቢት ቀለም ብቻ ነው የሚያወጣው፤ ግን በዚያ ጊዜ የነበሩ ጌሞች አብዛኞቹ በዚያው ነው የሚጫወቱት።

የግላይድ ጌም ከሌላችሁ የኤንቪዲያ መስመር ይቀላል። በ1998 ሪቫ ቲኤንቲ፣ በ1999 ጂፎርስ 256፣ በ2000 ጂፎርስ 2፣ በ2001 ጂፎርስ 3፣ በ2002 ጂፎርስ 4 ወጣ። ጂፎርስ 2ና ጂፎርስ 4 በብዛት ስለተሸጡ ዛሬም ለማግኘት አይከብዱም። ከዚህ በላይ እየወጣችሁ በሄዳችሁ ቁጥር ግን የድሮ ጌሞች ይጎዳሉ። የ1997ና የ1998 ጌሞች የሚጠቀሙባቸውን አንዳንድ ዘዴዎች፣ ለምሳሌ ጭጋግ የሚሳልበትን ሠንጠረዥ፣ የኋላ ካርዶች ትተውታል። ጭጋጉ ጠፍቶ ሩቅ ያለው ግድግዳ ራቁቱን ሲታይ ችግሩ ጌሙ ላይ ያለ ይመስላል።

ኤጂፒ ካርድ ስትገዙ ቮልቴጁን አትዘንጉ። የመጀመሪያዎቹ በ3.3 ቮልት ነው የሚሠሩት፣ የኋለኞቹ በ1.5 እና በ0.8። በካርዱ ጥርስ ላይ ያለው ክፍተት አንዱን ከሌላው እንዲለይ ነው የተሠራው። ሁሉም ካርድ ግን ይህን በትክክል አያከብርም። የ3.3 ቮልት ካርድ የፔንቲየም 4 ቦርድ ላይ ገብቶ ቦርዱን ሊገድል ይችላል። ሲገባ እሺ ማለቱን ብቻ አይታችሁ ማብሪያውን አትጫኑ።

ድምፁ

በዚህ ሥራ ውስጥ እኔን የሚማርከኝ ይህ ክፍል ነው። ሥዕሉን የዛሬ ኮምፒውተር በደንብ ያስመስለዋል። ድምፁ ግን በየካርዱ ይለያያል። የአብዛኛው የዶስ ጌም ሙዚቃ ተቀርጾ የተቀመጠ አልነበረም፤ የተቀመጠው ኖታው ነው። ካርዱ ደግሞ በራሱ ጉሮሮ ይዘፍነዋል።

በ1987 የወጣው አድሊብ ካርድ የያማሃን ዋይኤም3812 ቺፕ ይዞ ነበር፣ ኦፒኤል2 የሚባለውን። በአንድ ጊዜ ዘጠኝ ድምፅ ያወጣል። በ1989 የመጣው ሳውንድ ብላስተር ያንኑ ቺፕ ይዞ የተቀረጸ ድምፅ ማጫወትን ጨመረበት፤ ተኩስም ንግግርም ተሰማ። በ1992 የወጣው ሳውንድ ብላስተር 16 ድምፁን ወደ 16 ቢት አሳደገ። በላዩ ላይ የነበረው ኦፒኤል3 የድምፆቹን ቁጥር ወደ 18 ከፍ አድርጎታል። ከዚያ በኋላ የወጣ አብዛኛው የዶስ ጌም ይህን ቤተሰብ ያውቃል። ለዚህ ነው አይኤስኤ ስሎት ያለው ማዘርቦርድ ፈልጉ ያልኩት።

ሳውንድ ብላስተር 16 ስሙ ትልቅ ነው፣ እንከኑ ግን ይታወቅ። ለቀድሞው ሳውንድ ብላስተር ፕሮ የተጻፉ ጌሞችን በስቴሪዮ አያጫውትም፣ ሞኖ ያደርጋቸዋል። ብዙዎቹ ሞዴሎች ውጫዊ የሚዲ (ኖታ ተቀብሎ የሚጫወት) መሣሪያ ሲገናኛቸው ኖታ ይንጠለጠልባቸዋል፤ አንዷ ድምፅ ሳትቆም ታፏጫለች። ከዚህም በላይ የኋለኞቹ ርካሽ ሞዴሎችና ሳውንድ ብላስተር ኤደብልዩኢ64 እውነተኛው የያማሃ ቺፕ የላቸውም፤ በቦታው ሌላ ማስመሰያ ገብቷል። ሙዚቃው ይሰማል፣ ግን ቀጭንና ብረት ብረት የሚል ነው። ስትገዙ ካርዱን ገልብጣችሁ የያማሃ ስም ያለበት ቺፕ መኖሩን ፈልጉ።

ብዙ ሰው የማይሻማባቸው ግን እኔ የማስቀድማቸው የያማሃ ዋይኤምኤፍ718 ወይም 719 ቺፕ ያላቸው አይኤስኤ ካርዶች ናቸው። እውነተኛ ኦፒኤል3 በውስጣቸው አለ። ሳውንድ ብላስተር ፕሮን በስቴሪዮ ይደግፋሉ። የሚንጠለጠል ኖታ የለባቸውም። ሳጥኑ ላይ የታወቀ ስም ስለሌለ ዋጋቸው ዝቅ ይላል። ኢኤስኤስ 1868ም መጥፎ አይደለም።

ከዚህ የሚያልፍ ሰው ወደ ውጫዊ የሙዚቃ መሣሪያ ይገባል። በ1987 የወጣው ሮላንድ ኤምቲ-32 ለጌም ተብሎ የተሠራ አልነበረም። በ1988 የወጣው ኪንግስ ክዌስት 4 ግን ሙዚቃው ለሱ ተጻፈ፣ ሌሎችም ተከተሉ። ከ1988 እስከ 1992 ገደማ ያሉ የጀብዱ ጌሞችን የሚወድ ሰው ይህን መሣሪያ አንዴ ከሰማ ወደ አድሊብ መመለስ ይከብደዋል። በ1991 የመጣው የሮላንድ ኤስሲ-55 ደግሞ ጄኔራል ሚዲ የሚባለውን ስምምነት ይከተላል። ዱምና የዘመኑ ጌሞች ያማረ ሙዚቃ የሚያወጡት በዚህ ነው። ሁለቱ አይተካኩም፤ ለአንዱ የተጻፈ ሙዚቃ በሌላው ሲጫወት ከበሮው ፒያኖ ሊሆን ይችላል። በዚያ ላይ የቀደሙት የኤምቲ-32 ጌሞች የሮላንድ ኤምፒዩ-401 ካርድ "ኢንተሊጀንት" የሚባለው አሠራር ካልተገኘ አይናገሩም፤ ተራ ሳውንድ ካርዶች ይህን አይችሉም። መሣሪያውን ከመግዛታችሁ በፊት የምትወዱት ጌም ይህን ይጠይቅ እንደሆነ አጣሩ።

የፒሲአይ ሳውንድ ካርዶች ለዊንዶውስ ጌም በጣም ጥሩ ናቸው፣ ለዶስ ግን ያስቸግራሉ። ሳውንድ ብላስተር ላይቭ በ1998 ሲወጣ ለዶስ ሳውንድ ብላስተር 16ን የሚያስመስል ድራይቨር ይዞ መጣ። ድራይቨሩ ሚሞሪ ይበላል፣ ኢኤምኤም386 የሚባለውን የዶስ ሚሞሪ ማደራጃ ይፈልጋል፤ አንዳንድ ጌሞች ደግሞ ኢኤምኤም386 ባለበት አንነሳም ይላሉ። በዚያው ዓመት የመጣው የኦሪያል ቮርቴክስ 2 ደግሞ ኤ3ዲ የሚባል የድምፅ ስሌት ነበረው። ድምፅ ከግድግዳ ተመልሶ፣ ከኋላ ዞሮ፣ ከላይ ወርዶ ይሰማል። ኤ3ዲን የሚደግፍ የ1998 ጌም በጆሮ ማዳመጫ ሲሰማ ድንቅ ነው። ኦሪያል በ2000 ከስሮ የሳውንድ ብላስተር ሠሪ ክሪኤቲቭ ንብረቱን ገዛው፣ ቴክኖሎጂውም እዚያው ቀረ። ሁለቱንም ዓለም የሚፈልግ ሰው 440ቢኤክስ ቦርድ ላይ ለዶስ አንድ አይኤስኤ ካርድ፣ ለዊንዶውስ አንድ ቮርቴክስ 2 ይሰካል። የአንዱን ድምፅ በኬብል ወደ ሌላው ማስገቢያ ካሳለፋችሁት አንድ ስፒከር ይበቃል።

ዘመኑን መልቀቅ የሚገባባቸው ቦታዎች

ሥዕል፣ ድምፅና ፍጥነት የሚያመጡት ዕቃዎች ላይ ጥብቅ ነኝ። ኤሌክትሪክና ዲስክ ላይ ግን አይደለሁም። ሃያ አምስት ዓመት የሞላው ፓወር ሰፕላይ ብርቅ ዕቃ ሲያቃጥል ማየት የዘመን ፍቅር አይደለም።

ፓወር ሰፕላዩን አዲስ አድርጉ፣ ግን የ5 ቮልቱን መስመር አይታችሁ። የዛሬዎቹ አብዛኛውን ኃይል የሚሰጡት በ12 ቮልት ነው። የድሮ ማሽኖች ደግሞ በ5 ቮልት ነው የሚበሉት። በተለይ አትሎን ፕሮሰሰር የሚገባባቸው የሶኬት ኤ ቦርዶች ብዙዎቹ ፕሮሰሰሩን ከ5 ቮልት ነው የሚመግቡት። ስለዚህ ጠቅላላ ዋቱ ትልቅ ሆኖም ማሽኑ ጌም መሃል ሊዘጋ ይችላል። በጎኑ ላይ በተለጠፈው ሠንጠረዥ 5 ቮልቱ ስንት አምፒር እንደሚሰጥ አንብቡ። አንዳንድ የድሮ አይኤስኤ ካርዶች ነጌቲቭ 5 ቮልት ይፈልጋሉ፤ እሱም ከዛሬዎቹ ላይ ተነስቷል። ኤቲ በሚባለው የቀድሞ ዓይነት ቦርድ ላይ ሁለቱ የኃይል መሰኪያዎች ጎን ለጎን ሲገቡ ጥቁሮቹ ሽቦዎች መሃል ላይ መገናኘት አለባቸው። ተገላብጠው ከገቡ ቦርዱ ያልቃል።

ሃርድ ዲስኩን በኮምፓክት ፍላሽ ካርድ ተኩት። ኮምፓክት ፍላሽ የድሮ ሃርድ ዲስኮች የሚገናኙበትን የአይዲኢን ቋንቋ ስለሚናገር ርካሽ መለወጫ ይበቃዋል። ድምፅ የለውም፣ አይሰበርም። አንዱን ካርድ ለዶስ፣ ሌላውን ለዊንዶውስ 98 አድርጋችሁ እያወጣችሁ መቀያየር ትችላላችሁ። መጠኑን ግን ባዮሱ የሚችለውን አድርጉ። ብዙ የቀድሞ 486 ቦርዶች ከ504 ሜጋባይት በላይ አያዩም፣ ከ1998 በፊት የነበሩ ብዙዎቹ ደግሞ 8.4 ጊጋባይት ላይ ያቆማሉ። ዶስ 6.22 ራሱ አንዱን ክፍል ከ2 ጊጋባይት በላይ አያደርግም። ለፍሎፒም በዩኤስቢ የሚሠራ ጎቴክ የሚባል ማስመሰያ አለ።

ማዘርቦርድ ስትገዙ ካፓሲተሮቹን እዩ። በተለይ ከ1999 እስከ 2000ዎቹ አጋማሽ የተሠሩ ቦርዶች ላይ መጥፎ ካፓሲተር በብዛት ገብቷል። ጭንቅላታቸው ያበጠ ወይም ቡናማ ፈሳሽ የወጣባቸው ካሉ መተካት አለባቸው። ብየዳ የማያውቅ ሰው ዋጋው ቢቀንስለትም ይተወው። ፓወር ሰፕላይና ሲአርቲ (ወፍራሙ ባለ መስታወት ቱቦ) ሞኒተር ደግሞ ከነቀላችኋቸው በኋላም በውስጣቸው ገዳይ ኃይል ይይዛሉ። አትክፈቷቸው።

ሞኒተሩ ላይ ያለኝ ምርጫ ሲአርቲ ነው። የዶስ ጌሞች አብዛኞቹ በ320 በ200 የተሳሉት በ4 ለ3 መስታወት ላይ ተዘርግተው እንዲታዩ ነው። በሰፊው የዛሬ ሞኒተር ላይ ሰዎቹ አጭርና ወፍራም ይሆናሉ። ሲአርቲ የሚገኝበት ቦታ ከሌላችሁ 4 ለ3 የሆነ የቀድሞ ኤልሲዲ ይሻላል።

ዕቃው ሲሟላ ሁሉንም በአንዴ አትሰኩ። ቦርዱን፣ ፕሮሰሰሩን፣ አንድ ራምና ግራፊክስ ካርዱን ብቻ ይዛችሁ አስነሱት። በፕሮሰሰሩ ላይ ያለውን የደረቀ የሙቀት ማስተላለፊያ ቅባት አጽድታችሁ አዲስ ቀቡ። የካርዶቹን የወርቅ ጥርስ በአልኮል አጽዱ። ባዮሱ ከታየ በኋላ ዲስኩን፣ ቀጥሎ ሲዲውን ጨምሩ። ሳውንድ ካርዱ የመጨረሻ ይሁን። አብዛኞቹ የዶስ ጌሞች ካርዱን የሚፈልጉት አድራሻ 220፣ ኢንተራፕት 5፣ ዲኤምኤ 1 በሚባሉት ቅንብሮች ላይ ነው፤ በዚያ አስቀምጡት። ቀደም ያሉ አንዳንድ ጌሞች ከኢንተራፕት 7 ሌላ አያውቁም። እነሱ ዝም ካሉባችሁ በባዮስ ውስጥ 7ን የሚይዘውን የፕሪንተሩን ፖርት ዝጉና ካርዱን ወደ 7 አዙሩት።